ሳልከፍተው የወሰድኩት ሥዕል

ስጦታ ሲሰጠኝ እዚያው ሰጪው ፊት ቆሜ፣ ወረቀቱን ቀድጄ፣ አውጥቼ አየዋለሁ። ባለጌ በሉኝ። እናቴ ብታየኝ ቆንጥጣ በገደለችኝ። እኛ ቤት ስጦታ በሁለት እጅ ይቀበሉታል፣ "ምነው ተቸገርክ" ይሉበታል፣ ጥግ ላይ ያስቀምጡታል፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው የሚከፍቱት። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ነበርኩ። ሆላንድ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር ሰዎቹ ስጦታ በእጃቸው እንደገባ ሲቦጫጭቁት እያየሁ "አይ ስግብግብነት!" እል ነበር። የታዘብኩት ነገር ዞሮ እኔው ላይ ወደቀ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ስነግራችሁም እየተናደድኩ ነው፤ ገና አልበረደልኝም።

የሺ እባላለሁ። ዲመን ነው የምኖረው። ሥራዬ አምስተርዳም ውስጥ ታውስዞርግ ነው፤ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን እንከባከባለሁ። ጠዋት ጠዋት ዋናው ሥራዬ ካልሲ ማልበስ ነው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ግን ያ ካልሲ የእናንተ ዓይነት ካልሲ አይደለም። ያበጠ እግርን ጨምቆ የሚይዝ፣ እንደ መኪና ጎማ የጠነከረ ነገር ነው። ከጣት እስከ ጉልበት ለማድረስ መሬት ተንበርክኮ ሩብ ሰዓት መታገል ነው። በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ ታዲያ ምን ይደረጋል? ወሬ ይወራል።

ያን ዓመት ካልሲ ከማለብሳቸው ሰዎች አንዱ ሙሴ አርማን ነበሩ። ፈረንሳዊ ናቸው፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው። "ሙሴ" ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ድሮ ሰፈራችን ፈረንሳዊን ሁሉ ሙሴ ነበር የሚለው። ፓሪስ ውስጥ አርባ ዓመት ለጋዜጣ የሹፈት ሥዕል ሲሥሉ ኖረው፣ ሆላንዳዊት ሚስታቸውን ተከትለው አምስተርዳም መጡ። ሚስትየዋ ሞቱ፣ እሳቸው ቦይ ዳር ካለች ጠባብ ቤት ብቻቸውን ቀሩ። የቤቱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። አንዱ ሚኒስትር የገዛ ምላሱን እንደ ምንጣፍ አንጥፎ ይራመድበታል። አንዱ ጄኔራል በሕፃን ጋሪ ተቀምጦ ሜዳሊያውን ይጠባል። በራቸው ሦስት ቁልፍ አለው።

"ለምን ሦስት አስፈለገ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ሁለቱ ስላልበቁ ነዋ። ሥራዬን የማይወዱ ሰዎች ነበሩ" አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተነፈሱም።

ማውራት የሚወዱ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ሰው ማስወራት ነው የሚወዱት። እግራቸውን ይዘረጋሉ፣ "እሺ የሺ፣ ዛሬስ ምን ሆነ?" ይላሉ። እኔ ደግሞ አንዴ ከተነካሁ ማን ያቆመኛል? ስለ ባቡሩ መዘግየት፣ ስለ አለቃዬ፣ ስለ ልጄ ስለ ቤዛ እዘከዝካለሁ። ከሁሉ በላይ ግን የማወራቸው ስለ ጋሽ ተኽለ ነበር።

ጋሽ ተኽለ ሮተርዳም ነው የሚኖሩት። ኤርትራዊ ናቸው፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሠርተው አማርኛውን ከኔ በላይ ያውቁታል። ወደብ ላይ ሠላሳ ዓመት ለፍተው ጡረታ ወጥተዋል። የሁለት ዓመት ልጅ ታቅፌ፣ በክረምት፣ በነጠላ ጫማ እዚህ አገር ስገባ ካፖርት የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። ቤዛን ብስክሌት ያስተማሯት፣ ወላጅ ሲጠራ ትምህርት ቤት የሄዱላት እሳቸው ናቸው። እሷ "ኦፓ" ትላቸዋለች፣ በሆላንድኛ አያቴ ማለቷ ነው፤ እኔን ደግሞ "ጓለይ" ይሉኛል፣ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ይሉኝ ነበር ልበል። ሁለት ዓመት ሙሉ አላሉኝም።

ጥሉ በጆሮ መስሚያ ነው። ሳቁ። ጆሯቸው ደከመ፣ ሐኪም መስሚያ አዘዘላቸው፣ እሳቸው ግን "እሰማለሁ!" ብለው ድርቅ አሉ። አንድ ቀን ቤታቸው ሻይ ሳፈላ የስኳር ዕቃውን ብከፍት መስሚያዋ እዚያ ቁጭ ብላለች። ስኳር በሽታ ከያዛቸው ወዲህ ዕቃው ባዶ ስለሆነ ማንም አይከፍተውም ብለው ደብቀዋት ነው። ያንን ለማንም ሳልናገር መልሼ ከደንኩት። ኋላ ግን አንድ ለቅሶ ቤት የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ጋሽ ተኽለ ስላልሰሙ ከጎናቸው ካለው ሰው ጋር ጮክ ብለው ያወሩ ጀመር። አፌ አያርፍም፤ "ጋሽ ተኽለ፣ መስሚያዎትን ያድርጉ እንጂ! ለቅሶውን እኮ ረበሹት!" ብዬ አምባረቅሁ። መቶ ሰው ዞረ። ጋሽ ተኽለ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ አይደል የሚባለው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እንደ ግድግዳ ያልፉኝ ነበር።

ያን ዓመት ቤዛ ልታገባ ሆነ። "ኦፓ ካልመረቀኝ ሠርጉ ይቅርብኝ" አለች። አባት የላት፤ በአባት ወንበር የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የነፍስ አባታችን፣ ዴን ሃግ ያሉት አባ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ሊያስታርቁን ቀጠሩን።

ይህን ሁሉ ለሙሴ አርማን ካልሲያቸውን እየጎተትኩ ነገርኳቸው። ለእርቁ ስጦታ ምን ልያዝ ብዬ ስጨነቅ ዓይናቸው በራ።

"ፎቶውን አምጪልኝ። እኔ እሥለዋለሁ" አሉ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሥራቸው ሹፈት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ግድግዳው ያፈጥብኛል። ግን በጠላት የሚያፌዝ እጅ በወዳጅ አያፌዝም ብዬ አሰብኩ። እኛ እኮ ሽማግሌ ሲሣል ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ ካባ፣ ነጭ ጢም፣ ከኋላ ጨረር። ጋሽ ተኽለ ከባርኔጣቸው ጋር የተነሡትን ፎቶ ሰጠኋቸው።

ሐሙስ ጠዋት በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ በሲባጎ የታሰረ ነገር አቀበሉኝ። ለሁለት ሳምንት በሚንቀጠቀጥ እጃቸው እንደታገሉበት አውቃለሁ፤ ጣታቸው ሁሉ ቀለም ነው። በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ተቸገሩ" አልኩና እንደ ታቦት ቀስ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁት። ሙሴ አርማን ፊት ፊቴን ያዩኛል።

"በቃ?" አሉ።

"ምኑ?"

"ምንም። ወሰድሽው ማለት ነው።"

"ወሰድኩት! በጣም ነው የማመሰግነው!" አልኩና የሚቀጥለው ሰው እየጠበቀኝ ስለነበር ሮጥኩ። አያችሁ? ሰውየው እንድከፍተው እየጠበቁ ነበር። እኔ ደግሞ ጨዋ መሆኔ ነው። ወይ ነዶ! ቤት ገብቼስ ለምን አልከፈትኩትም? ስጦታው የኔ አይደለማ፤ የሌላ ሰው ስጦታ ይከፈታል እንዴ?

ቅዳሜ ከቤዛ ጋር ዴን ሃግ ደረስን። አባ ሳሎን ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ ጋሽ ተኽለ መስኮቱ ሥር ናቸው። ከስተዋል። ጆሯቸውን አየሁ፤ መስሚያ የለም። አባ ደግሞ ድምፃቸው የጸሎት ድምፅ ነው፣ እኔ እንኳ ጆሮዬን አሹዬ ነው የምሰማቸው። ስለ ፍቅር ተናገሩ፣ ስለ ይቅርታ ተናገሩ፤ ጋሽ ተኽለ ባልሰሙት ነገር ሁሉ "እሺ፣ እሺ" እያሉ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ እግራቸው ላይ ወድቄ "ጋሽ ተኽለ፣ ባለጌ ነኝ፣ አፌን ይዝጋው፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። "እሺ፣ እሺ" አሉ። መናደድ የማይገባኝ ሰዓት ላይ ተናደድኩ። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ይቅርታ የሰሙት ይሁን ያልሰሙት አላወቅሁም። ጮኼ ልደግመው ደግሞ መጀመሪያም የተጣላነው በጩኸቴ ነው።

"እርቅ ደም ያድርቅ" አሉ አንደኛው ሽማግሌ። ተነሥተን ተቃቀፍን። ስጦታዬን አቀረብኩ። ጋሽ ተኽለ በሁለት እጃቸው ተቀብለው "ምነው ተቸገርሽ" አሉና ከወንበራቸው ጎን አቆሙት። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ!

ቤዛ ግን እዚህ ያደገች ልጅ ናት። "ኦፓ፣ ክፈተው እንጂ! አውትፓከን!" ብላ ጮኸች። "እዚህ አገር ካልከፈትከው አልወደድከውም ማለት ነው።"

"ቤዛ፣ ተይ!" አልኳት።

"ማማ፣ ዱ ኒት ዞ! እንዲህ አትሁኚ፤ ምን ችግር አለው?" ብላ ሲባጎውን ፈታችው።

ወረቀቱ ወደቀ። እግዚኦ! ጋሽ ተኽለ ዘውድ ደፍተው፣ የዝሆን የሚያህል ጆሮ ተሥሎላቸው፣ እንደ ዙፋን የተቀመጡት የስኳር ዕቃ ላይ ነው። ከመቀመጫቸው ሥር፣ ከዕቃው ውስጥ፣ መስሚያዋ "አውጡኝ" እያለች አንገቷን ብቅ አድርጋለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም፣ ዓይኔ ጨለመብኝ። አንደኛው ሽማግሌ ሳቁ አምልጧቸው በሳል ሸፈኑት። ሌላው ሰው የገባው የትልቁ ጆሮ ሹፈት ብቻ ነው። የስኳር ዕቃውን ምስጢር እዚያ ክፍል የምናውቀው እኔና ጋሽ ተኽለ ብቻ ነን።

ጋሽ ተኽለ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት።

"ማነው የሳለው?" አሉ።

"የምንከባከባቸው ፈረንሳዊ ናቸው፣ ጋሼ" አልኩ ጮክ ብዬ።

"የስኳር ዕቃውን ማን ነገረው?"

አፈር በሆንኩ! ጋሽ ተኽለ ወረቀቱን ከመሬት አንሥተው፣ ሥዕሉን መልሰው ሸፈኑ፣ ሲባጎውን ራሳቸው አሰሩት፣ ብብታቸው ሥር ይዘው ባርኔጣቸውን ደፉ። አባ "ኧረ ተኽለ!" እያሉ ደረጃው ድረስ ተከተሏቸው። ቤዛ መሬት ተቀምጣ አለቀሰች። ባቡር ውስጥ እስከ ቤት ድረስ አላናገረችኝም።

ሰኞ ጠዋት ሙሴ አርማን ቤት ስገባ ደሜ ፈልቷል። ካልሲውን አላነሣሁም።

"ምን አድርጌዎት ነው?" አልኩ። "የልጄን ሠርግ አፈረሱት! አምኜ የነገርኩዎትን ሥለው ሽማግሌ ፊት አዋረዱኝ! እርስዎ እኮ ሰው አይደሉም!"

የዘረጉትን እግራቸውን ሰበሰቡና፣ "ለእሱ ሰጠሽው?" አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። "ሳታዪው?"

"ስጦታ ይታያል እንዴ!"

"የሺ፣ እኔ አንቺ እንድትከፍቺው ነበር የጠበቅሁት። ከፍተሽ፣ ደንግጠሽ፣ 'ይሄማ አይሆንም' እንድትዪኝ። ያኔ ሁለተኛውን እሥል ነበር።"

"ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን ደህናውን አልሣሉም?"

"እጄ ሌላ መንገድ አያውቅማ። አርባ ዓመት ሙሉ የሳልኩትን መጀመሪያ የሚያየው አርታኢዬ ነበር። ከአሥሩ ሰባቱን 'አይሆንም' ይላል። እሰድበዋለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እንደገና እሥላለሁ። የኔ ሥራ መሣል ነው፣ አይሆንም ማለት የሱ ነው።" ወደ ግድግዳው ዞሩ። "አንድ ሳምንት አርታኢው ዕረፍት ወጣ። እኔ አባቴን ሣልኩ። ሥጋ ሻጭ ነበር፤ ሲመዝን አውራ ጣቱን ሚዛኑ ላይ እንደሚጭን ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ያንን ሣልኩ። አይሆንም የሚል ሰው አልነበረም፣ ታተመ። መንደሩ በሙሉ አየው። አባቴ ሱቁን ዘጋ። ወንድሜ እስኪሞት ድረስ አላናገረኝም።"

ንዴቴ አልጠፋም። እንዲያውም ጨመረ፤ ይህን የሚያውቁ ሰው መልሰው ያንኑ ማድረጋቸው አንገበገበኝ። "እኔ አርታኢ አይደለሁም! ካልሲ አልባሽ ነኝ!" አልኩ።

"አውቃለሁ። ግን እስቲ ንገሪኝ፣ ሴትየዋን እንዴት አየሻት?"

"የቷን ሴት?"

ሙሴ አርማን አፈጠጡብኝ። "አላየሻትም? ግማሹን ወረቀት የያዘችውን? ሂጂና እዪ። ሥዕሌን ሳታዪ ልትሰድቢኝ መብት የለሽም።"

ካልሲያቸውን አለበስኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አጥብቄ ጎትቼ አላውቅም። ሥራዬን ስጨርስ ሮተርዳም ባቡር ላይ ወጣሁ። ያ ባቡር ደግሞ ዴልፍት ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ይቅርታ እንጠይቃለን ይላል ድምፅ ማጉያው፤ የዚህ አገር ባቡር ይቅርታ ሲጠይቅ እንዴት ቀላል እንደሆነለት!

የጋሽ ተኽለን ደወል ብደውል ዋጋ የለውም። እንደ ድሮው መንገድ ላይ ቆሜ፣ ወደ ሦስተኛው ፎቅ መስኮት እጄን አወዛወዝኩ። ለአላፊ አግዳሚው እብድ መሰልኩ። መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። ብዙ ቆይቶ በሩ ተከፈተ።

ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ቀድደው የጣሉት መስሎኝ ነበር። ጋሽ ተኽለ ወንበር ሳቡልኝና ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳረፉ።

"ይቺን አየሻት?"

አየኋት። በቀኝ በኩል አንዲት ሴት አለች። የታውስዞርግ ጃኬት ለብሳ፣ በአንድ እጇ ካልሲ ይዛለች። ሌላው ሰውነቷ ሁሉ አፍ ነው። የጋራዥ በር የሚያህል አፍ። ዓይን የላት፣ ጆሮ የላት፤ ጥርሷና ምላሷ ብቻ። ሥዕሉ ላይ ጋሽ ተኽለ ያን ትልቅ ጆሯቸውን በእጃቸው ከድነዋል፤ ያንን አፍ ሽሽት ይመስላል። እኔ ነኝ። እስከ ካልሲው ቀለም ድረስ እኔ ነኝ። ሙሴ አርማን ዓመት ሙሉ ሲያጠኑ የኖሩት ጋሽ ተኽለን ሳይሆን እኔን ነው።

"አንቺ ነሽ አይደል የነገርሽው?" አሉ ጋሽ ተኽለ።

አንገቴን ነቀነቅሁ።

"ለፈረንሳዊ አወራሽ። ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

ስለማይሰሙ ነዋ ልላቸው ስል አፌን ያዝኩ። ጋሽ ተኽለ ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡ። የስኳር ዕቃውን ይዘው ተመለሱ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ መስሚያዋን አወጡ፣ በመሐረባቸው ጠረጉ፣ ጆሯቸው ውስጥ አስገቡ። ፊቴ ተቀመጡ።

"በይ፤ አሁን ንገሪኝ።"

ያ ሁሉ ወሬ የት ገባ? አንድ ዓመት ስዘከዝክ የኖርኩት ሴትዮ ቃል አጣሁ። እንደምንም ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ለቅሶ ቤት ያዋረድኳቸው ስለተናደድኩ ሳይሆን ማርጀታቸው ስላስፈራኝ መሆኑን ነገርኳቸው። የቤዛን ብስክሌት ከኋላ ይዘው ሲሮጡ ያየሁበትን ቀን ነገርኳቸው። ያ ካፖርት አሁንም ቁም ሣጥኔ ውስጥ እንዳለ ነገርኳቸው። ልጄ ያለእሳቸው ምርቃት ከቤቴ ብትወጣ ሃያ ሁለት ዓመቴ እዚህ አገር ከንቱ እንደሚሆንብኝ ነገርኳቸው። ድምፄ እያነሰ እያነሰ ሄዶ መጨረሻ ላይ ለራሴም አይሰማኝም ነበር። እሳቸው ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ ሳያነሡ አዳመጡ።

ስጨርስ እንባዬን ጠርጌ፣ "ሰሙኝ፣ ጋሼ?" አልኩ።

ደግሜ ጮክ ብዬ፣ "ሰሙኝ ወይ?" አልኩ።

ጋሽ ተኽለ መስሚያዋን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አገላበጧት።

"ባትሪዋ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኗታል" አሉ።

ኧረ ጉድ! ጠረጴዛውን ልገለብጠው ምንም አልቀረኝም። ያ ሁሉ ቃል! ከየት አምጥቼ እንደገና ልለው ነው?

ጋሽ ተኽለ ግን እጃቸውን ሥዕሉ ላይ፣ እዚያ ጋራዥ የሚያህል አፍ ላይ አድርገው ፊቴን አዩኝ።

"ዛሬ ግን አፍሽ ትንሽ ነበረች፣ ጓለይ" አሉ።

ለሠርጉ መጡ። ባትሪውን ቤዛ ገዛችላቸው። በአባት ወንበር ተቀምጠው እስኪበቃት መረቋት። ምርቃቱ ሲሰማ ሁሉም ሰው እየጮኸ "አሜን" አለ፤ እሳቸውም "ቀስ በሉ፣ እሰማለሁ!" ብለው ተቆጡ።

ይህን የምጽፍላችሁ ተለውጬ መልአክ ሆንኩ ለማለት አይደለም። አሁንም አወራለሁ፣ አሁንም ባቡሩ ያናድደኛል። ግን ለሰውየው ለራሱ የማልነግረውን ነገር ለሌላ ሰው ስናገር ራሴን ስይዝ፣ አፌ ውስጥ ያ የጋራዥ በር ይታየኛል፣ እዘጋዋለሁ። እናንተም በየሳሎናችሁ፣ በየስልካችሁ የምታሙትን ሰው አስቡት። ምናልባት ጆሮው አይደለም የደከመው፤ የሚነግረው ሰው አጥቶ ይሆናል። እኔ ይህን ለማወቅ የአንድ ሽማግሌ ፊት እስኪጠቁር መጠበቅ ነበረብኝ፤ እናንተ አትጠብቁ። ሥዕሉ ጋሽ ተኽለ ሳሎን ተሰቅሏል። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚቀበለኝ የገዛ አፌ ነው።

ሙሴ አርማንን አልተውኳቸውም። ከሠርጉ በኋላ አንድ ጠዋት ቡናማ ፖስታ ሰጡኝ። "ለልጅሽ" አሉ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ፊታቸው ቆሜ ቀደድኩት። እሳቸው ሥዕሉን አያዩም፤ እኔን ነው የሚያዩት። ቤዛ በቬሎ ብስክሌት ላይ ናት፣ ከኋላ ጋሽ ተኽለ ኮርቻውን ይዘው ይሮጣሉ፣ ሙሽራው ደግሞ የእንጨት ማንኪያ የመሰለ ረጅም አንገት ይዞ ቅርጫት ውስጥ ተጎልቷል።

"ይሄማ አይሆንም" አልኩ። "የአማቼን አንገት ያሳጥሩልኝ።"

ሙሴ አርማን በፈረንሳይኛ ሰደቡኝ። ሥዕሉን ከእጄ ቀምተው፣ ካልሲያቸውን ሳያጠልቁ፣ በአንድ ባዶ እግራቸው እያነከሱ ወደ ጠረጴዛቸው ሮጡ። ካወቅኋቸው ወዲህ እንደዚያ ሲደሰቱ አላየኋቸውም።